መናውን ያዘነበው ሙሴ አልነበረም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣ ዛሬ ስለ ጾም ሕግ አልጽፍላችሁም። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 እንደሚገባ፣ ምን እንደሚበላና ምን እንደማይበላ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እንዲያውም ብስኩቱ ወተት ይኑረው አይኑረው ለማየት ከማሸጊያው ጀርባ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በመነጽር የምታነቡ አላችሁ። እግዚአብሔር ይባርካችሁ። እኔ የምጽፈው ስለ ምሳው ነው፤ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴና ከጉባኤ በኋላ ምግብ ቤት ገብተን አብረን ስለ በላነው ምሳ።

ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ ምግብ ቤቱ ደስ ይላል። ሣር ክዳን ጎጆ፣ በጭቃና በጭድ የተለሰነ ግድግዳ፣ ቁርበት የተነጠፈበት መደብ፣ የተጎዘጎዘ ቄጠማ፣ ጥግ ላይ ትልቅ ጋን፣ መሐል ላይ የሚነድ እሳት። ገና ስትገቡ «ልክ የእናቴ ቤት!» አላችሁ። ስልኩ ሁሉ ወጣ፣ ፎቶው ተነሣ። ካነሣችሁት አይቀር አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የብዙዎቻችሁ እናቶች እኮ በሕይወት አሉ። ጎጆው አለ፤ መደቡም ጭሱም አለ። «መንገዱ አይመችም፣ ቁንጫው አያስተኛም» እያላችሁ ለፋሲካ እንኳ የማትሄዱበትን ቤት አስመስሎ ለሠራላችሁ ሰው ከፍላችሁ ትቀመጣላችሁ። ከርእሴ ወጣሁ። ግን የገና በዓል እየደረሰ ነው፤ አውቶቡስም አለ።

ሁለተኛ፣ ምግቡ። እሱ ወጥነት አልነበረውም፤ አልክድም። ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ፤ እጅ ያስቆረጥማል። ሱፍ ፍትፍቱም አንጀት የሚያርስ ነበር። ጎመኑ ግን በደንብ አልታጠበም፤ አሸዋው ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል። እንጀራው ቀዝቃዛ፣ ዳር ዳሩ የደረቀ፣ ዓይኑ የጠፋ። አንዱ መሶብ በልቶ እጁን ሲታጠብ ሌላው ገና ባዶውን ይጠብቅ ነበር። ከሌሊት ጀምሮ ቆሞ ያስቀደሰ የተራበ ሰው ቢከፋው አይፈረድበትም።

የሚፈረድበት ከዚያ በኋላ ባደረገው ነው።

ያቺን አስተናጋጅ ታስታውሷታላችሁ? በር ላይ መስቀል ተሳልማ የተቀበለችን ልጅ። ከእናንተ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ እንጀራውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «አንቺ! ይሄን ለሰው ነው ያቀረብሽው?» አላት። «ይቅርታ፣ አባቴ» አለች። «ይቅርታ አይበላም!» አለ ሌላው፤ መሶቡን የከበበው ሁሉ ሳቀ። ነጠላዋን መስቀለኛ እንዳጣፋች የተቀመጠች እኅትም «ከየት ነው የሚያመጧቸው እነዚህን?» ስትል ልጅቷ ቆማ እየሰማች ነበር። አንድ መስቀል በተሳለመ አፍ!

ከዚያ «ባለቤቱን ጥሪልን!» ተባለ። ባለቤቱ መጣ፤ ኮት የለበሰ፣ ሽቶ ሽቶ የሚል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሚስቅ ሰው። እንጀራውን ያንጠለጠለው ወንድማችን ከመቀመጫው ብድግ አለና «ኧረ ቤቱ ግሩም ነው፣ ምግቡም ቆንጆ ነው፤ ልጅቷ ብቻ ትንሽ...» አለው።

ልጅቷ ብቻ።

እኔ በዚያ መሐል እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ሄጄ ነበር፤ የማድ ቤቱንም በር አልፌ አየሁ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ያ ሁሉ ጎጆ ተሠርቶ የእንጨት ምጣድ አልተሠራለትም፤ መሐል ላይ የሚነደው እሳት ለዓይን ነው። ሽሮው በከሰል ስለሚሠራ እንደ ወጉ ደረሰ። የእንጀራው ምጣድ ግን የኤሌክትሪክ ነው፤ ሊጡ ቦክቶ፣ አብሲቱ ገብቶ፣ በባልዲው ተቀምጧል፤ የተበላው እንጀራ ከሱቅ ተገዝቶ የመጣ ነው። ውኃውን የሚስበው ሞተር ስለቆመ ጎመኑ በጀሪካን ውኃ ለቅለቅ ተደርጎ ወደ ድስት ገባ። ይህን ሁሉ ያጫወተችኝ ወጥ ሠሪዋ ናት። ልጅቷም ታውቅ ነበር፤ ግን ለእንግዳ እንዳትናገር ታዝዛ ነበር። አፏን ይዛ ስድቡን ተቀበለች።

ልጆቼ፣ በምድረ በዳ የእስራኤል ሕዝብ የግብፅን ዱባና ሽንኩርት እያስታወሰ ሲያለቅስ ጩኸቱ የወረደው በሙሴ ላይ ነው። መናውን ያዘነበው ግን ሙሴ አልነበረም። ወደ ሰማይ መጮኽ ስለሚያስፈራ አጠገባቸው የቆመውን ሰው ያዙ። የእኛም ቁጣ መንገዱን ያውቃል፤ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚፈስሰው። ለሹም አይፈስስም፣ ለሀብታም አይፈስስም። ለታክሲ ረዳት፣ ለጥበቃ፣ ለቤት ሠራተኛ፣ ሳህን ለተሸከመች ልጅ ግን ጎርፍ ነው።

ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላን በእልልታ እናከብራለን። የወይኑን ማለቅ ከሁሉ ቀድማ ያየች እመቤታችን አይደለችም? ጉድለቱን አልሸፈነችም። አሳላፊዎቹን ግን አልተቆጣችም፤ ሙሽራውንም በእንግዶቹ ፊት አላሳፈረችም። ነገሩን ማቃናት ለሚችለው ለልጇ፣ ለእርሱ ብቻ ነገረችው። በኋላም ወይኑ ከየት እንደ መጣ የድግሱ አዛዥ አላወቀም፤ አሳላፊዎቹ ያውቁ ነበር።

«ታዲያ ዝም እንበል?» የሚለኝ አለ፤ እሰማዋለሁ። ዝም በሉ አላልሁም። የከፈላችሁበት ነው። «እንጀራው ደርቋል፣ ጎመኑ አሸዋ አለው» ብላችሁ ለባለቤቱ ንገሩት፤ ኮት ስለለበሰ አይነክሳችሁም። ብትነግሩት ምናልባት የእንጨት ምጣድ ያሠራ ነበር። እናንተ ግን እሱን አመስግናችሁ ልጅቷን ከሰሳችሁ። በማኅበርም ያው ነን፤ የባለተራዋን ወጥ በልተን «እጅሽ ይባረክ» እንላታለን፣ ገና ከግቢው ሳንርቅ «ጨዋታዋ እንጂ ጨው አጣጣሏስ...» እንባባላለን። እውነቱን መስማት የሚገባው ሰው ምስጋና ይሰማል፤ እውነቱን መስማት የማይገባው ሰው ወቀሳውን ይሸከማል። ይህን ነው እምቢ የምላችሁ! ጾማችሁን ጠብቃችሁ፣ ቅዳሴ ቆማችሁ፣ አንዲት ልጅ እያለቀሰች ወደ ማድ ቤት እንድትገባ አድርጋችሁ ወደ ቤታችሁ ሄዳችሁ። ያን ዕለት እዚያው ያልተናገርሁት፣ ሰውን በሰው ፊት ማዋረድን እየተቃወምሁ እኔው ሰው እንዳላዋርድ ነው። አሁን ግን እናገራለሁ።

ቡናው ግሩም እንደነበረ ሳልጠቅስ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ከአቦሉ እስከ በረካው አንድም አልጎደለበትም፤ ያፈላችው ያቺው ልጅ ናት። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሲኒውን ግን በሁለት እጇ እያቀረበች «እንኳን ደህና መጣችሁ» ትል ነበር።

ሦስተኛው ነጥቤ ስለ ሒሳቡ ነበር። መሶቡ ላይ ለልጅቷ የተተወላትን ሳንቲም ያየሁት እኔ ብቻ ስላልሆንሁ አልፈዋለሁ።

የሚመለከታችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ጠይቄያለሁ፤ ልጅቷ ከሰኞ በቀር በየቀኑ ሥራ ላይ ናት። ታክሲም እስከ በሩ ያደርሳል።