የጥላ ቅርስ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ጁባ፣ ኮር ዊሊያም በሚባለው ሰፈር፣ ቀን ቀን ሰውን ቤቱ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የቆርቆሮው ክፍል ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አያስቀምጥም። ሰው ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣል፤ ወደ ራኩባው። ራኩባ የጁባ ዳስ ነው። አራት ወይም ስድስት ባላ ይተከላል፣ በላዩ ቀርከሃ ይረበረባል፣ ከዚያ ሳር ወይም ሰሌን ይለብሳል። ግድግዳ የለውም። ማሰሪያው ብዙ ጊዜ ከአሮጌ የሞተር ሳይክል ጎማ የተቀደደ ላስቲክ ነው፤ ሚስማር እንጨቱን ይሰነጥቃል፣ ላስቲኩ ግን ነፋስ ሲመጣ ለቀቅ ብሎ መልሶ ይይዛል። አንዱን ባላ ምስጥ ሲጀምረው እግሩ ሥር የደቀቀ አፈር ይታያል። ባለቤቱ ያን አንዱን ነቅሎ በቦታው ሌላ ይተክላል፣ የቀረው እንዳለ ይቆያል። ሳሩም እንደዚሁ በየጊዜው ይታደሳል። ስለዚህ የአንድ ራኩባ ዕድሜ ስንት እንደሆነ መናገር ከባድ ነው፤ ቦታው የቆየ፣ እንጨቱ የዘንድሮ ሊሆን ይችላል።

ከሥሩ የማይደረግ ነገር የለም። ወጥ ይሠራል፣ ሕፃን ይታጠባል፣ ፀጉር ይሸረባል፣ ለቅሶ ይቀመጣል። ከአገራችን መጥተው ቡና አፍልተው የሚያድሩ ብዙ እህቶችም ረከቦታቸውን የሚዘረጉት እዚሁ ነው። አንዷን፣ «ክፍሉን ምነው ሰፋ አላደረግሽውም?» ብላት፣ «ቀን ማን ይገባበታል ብለህ ነው ወንድሜ? ለሌሊት ነው እንጂ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ አሮጌ ቤትና ስለ አሮጌ ሰፈር ሳስብ ዓይኔ ከግድግዳው ይልቅ ጥላው ላይ ያርፋል።

ቅርስ ሲባል ኮር ዊሊያምን የሚጠራ የለም። ራሷ ጁባም በከተማ ዕድሜ ገና ልጅ ናት። እንግሊዞች የሞንጋላን አውራጃ መቀመጫ ወደዚህ ለማዛወር ሲወስኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ በቦታው ይኖሩ የነበሩት የባሪ ብሔረሰብ ሰዎች ከመንደራቸው እንዲነሡ ተደረገ። በ1930 ገዥው መጥቶ ተቀመጠ። ለእንግሊዝ ጦር ስንቅ የሚያቀርቡ የግሪክ ነጋዴዎች ከዚያም ቀደም ብለው ደርሰው ነበር፤ የገበያው ሠፈርና ዛሬ ሃይ ጃላባ የሚባለው አካባቢ የእነሱ እጅ ሥራ ነው። ጁባ ሆቴልም በ1930ዎቹ አጋማሽ ተሠራ። ቁጥራቸው ከ2000 ያልበለጠ እነዚሁ ግሪኮች ናቸው ለከተማዋ የመጀመሪያ መልኳን የሰጧት። ከእነዚያ ቤቶች አንዳንዶቹ ባንክ ሆነዋል፣ አንዳንዶቹ ምግብ ቤት፤ ሌሎቹ የሉም።

በቀሩት ፊት ለፊት መቆም ደስ ይለኛል። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ ደጁ ላይ ደግሞ በረንዳ አለ። በረንዳው የተሠራው ለማማር ብቻ አይደለም። ፀሐይ ግድግዳውን እንዳታገኘው ነው። ከሜድትራኒያን የመጣው ነጋዴና ሳር የሚያለብሰው የባሪ ገበሬ ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደርሰዋል፤ በዚህ አገር ሰው የሚኖረው በውስጥና በውጭ መካከል ባለችው ቦታ ነው። ቱኩል የሚባለው የአገሬው ጎጆም የሣሩን ክዳን ከግድግዳው አሳልፎ ወደ ታች የሚያወርደው ለዚሁ ነው።

ይህ እውቀት ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ጁባ በቅርቡ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ተብሎ በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በፌብሩዋሪ 2025 እንደገና ለሁለት ሳምንት ተዘጉ፤ በጁባ በቀን በአማካይ 12 ተማሪ ራሱን ይስት እንደነበር ምክትል የትምህርት ሚኒስትሩ ተናግረው ነበር። ብዙዎቹ ክፍሎች ቆርቆሮ ጣሪያና ቆርቆሮ ግድግዳ ናቸው፤ መብራት የለም፣ ማራገቢያ የለም። የአየሩ መለወጥ ከጁባ አቅም በላይ ነው። ልጆችን የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ማስተማር ግን የእኛው ምርጫ ነው፣ ያውም ራኩባ በሁሉም ሰው ደጅ ቆሞ እያለ።

ትምህርት ቤቶቹ መጀመሪያ በተዘጉበት በዚያው ወር፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፒያሳ እየፈረሰች ነበር። ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈሯ ለኮሪደር ልማቱ ተነሣ። ዜናውን ከዚህ ሆኜ ስከታተል ያመመኝ ስለ በረንዳዎቹ ነው። የአራዳ አሮጌ ቤቶች፣ የህንዱም የአርመኑም የግሪኩም እጅ ያለባቸው፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ጣውላ አላቸው፤ ፎቁን የሚዞር የእንጨት ሰገነት አላቸው። ከተማዋ በደጋ ላይ ስለሆነች እዚያ በረንዳ የሚከላከለው ዝናብን ነው፤ የክረምቱ ውኃ የጭቃውን ግድግዳ እንዳያጥበው። የመጀመሪያው ማዘጋጃ ቤት የነበረው የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤት እንዲህ ነው። በጉለሌ ያለው የቤኒሻንጉሉ ገዥ የሼኽ ሆጀሌ ቤትም እንዲህ ነው። ጣይቱ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲጎዳ ከተማው የደነገጠው በቆየ እንጨት ላይ ምን ያህል ተስፋ እንደጣለ ያሳያል።

በስም የተመዘገበ ቤት የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለለት። በአራዳ የጠፋው ግን አብዛኛው ስም የሌለው ነው፤ ሦስት ቤተሰብ ተጋርቶት የሚኖርበት፣ ሽሮ የሚሰጣበት፣ አሮጊት ወንበር አውጥታ መንገዱን የምትጠብቅበት ተራ በረንዳ። ትልቁን ቤት አስቀርቶ ዙሪያውን መመንጠር ቅርስ መጠበቅ ነው ብዬ ለመቀበል ይከብደኛል። በረንዳ ፊት ለፊቱ ጎረቤት ከሌለ ባዶ መተላለፊያ ነው።

ወደ ጁባ ልመለስ። እዚህ አንድ ሰፈር ማርጀት መቻሉ የሚወሰነው አስቀድሞ ወረቀት ላይ ነው። ከሱዳን ዘመን የተወረሰው ሥርዓት የከተማ ቦታን በደረጃ ይከፍላል። ከፍተኛው ደረጃ ረጅም ሊዝና በጠንካራ ዕቃ የመገንባት መብት አለው፤ ዝቅተኛው አጭር ሊዝና ጊዜያዊ ዕቃ። ሊዙ አጭር የሆነበት ሰው ድንጋይ አያስቀምጥም፣ ዛፍም ለመትከል ሁለት ጊዜ ያስባል። በዚያ ላይ ጦርነት አለ፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 እና በጁላይ 2016 ብዙ ሰው ከተማዋን ለቆ ሸሽቷል። ራኩባ ደግሞ እጅ ከራቀው ይወድቃል። በየዓመቱ ሳር የሚያለብሰው ሰው ከሸሸ ምስጡ ለብቻው ይቀራል።

በቀን ውስጥ ተነቅሎ የሚተከል ጥላም አለ። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ጀበል ኩጁር የሚባል ተራራ አለ። እዚያ ሴቶች ከማለዳ ጀምሮ ድንጋይ በመዶሻ እየከሰከሱ ጠጠር ይሸጣሉ። አንዷ ሴት በአንድ እጇ ድንጋዩን በላስቲክ ቀለበት ይዛ በሌላው ትመታለች፣ ቀለበቱ ጣቷን ያድንላታል፣ የተፈናጠረውንም ይሰበስባል። ከራሷ በላይ በአራት እንጨት የተወጠረ ጨርቅ አለ፤ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር እንጨቶቹን ነቅላ ታዞራቸዋለች። ጠጠሩ የሚሄደው መስታወት ለበስ ለሆኑ አዳዲስ ሆቴሎች ነው፤ እነዚያ ውስጥ ጥላ የሚሠራው ጄኔሬተር ነው፣ ናፍጣ ሲያልቅ ሁሉም ደጅ ይወጣል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በገበያው ዙሪያ የቀሩት አሮጌ በረንዳዎች ሳይፈርሱ ይለኩ፦ ጥልቀታቸው፣ የጣሪያቸው ቁመት፣ ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚያዩ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላቸው የት እንደሚደርስ። የጁባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሜትርና ደብተር ይዘው በአንድ በጋ ሊጨርሱት ይችላሉ። ከዚያ ወደ ኮር ዊሊያም ይምጡና ራኩባ የሚሠሩትን ሽማግሌዎች የትኛውን እንጨት ምስጥ እንደማይደፍረው፣ ሳሩ በየትኛው ወር መታጨድ እንዳለበት ይጠይቋቸው። ይህን የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ አሉ። ቀጣዩ ትምህርት ቤት ሲሠራ የቆርቆሮውን ግድግዳ ትቶ ሰፊ በረንዳ የሚጨምር ሰው ስፋቱን የሚያገኘው ከዚያ ደብተር ነው።