«ለጊዜው» ስለሚባለው ሥራ

አንድ ሠራተኛ «ይህ ለጊዜው ነው» ብሎ የሰጠን ዕቃ፣ ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢሰበርና ጉዳት ቢያመጣ ዕዳው የማን ነው? የሠራው ሰው ነውን? ወይስ ቃሉን ሰምቶ ዝም ያለው? ጥያቄው ለፈላስፋ የሚገባ ይመስላል፤ እኛን ግን ያገኘን ከመጽሐፍ ገጽ ላይ ሳይሆን ከሊማሊሞ ዳገት ላይ፣ ከሁለት ጋት በማይረዝም የላስቲክ ማኒኮቶ ምክንያት ነው።

በ2011 ዓ.ም. በግንቦት ወር ለመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ አዲ አርቃይ ደርሰን ወደ ደባርቅ ስንመለስ ነበር። የምንጓዝባት ፒካፕ በናፍጣ የምትሠራ፣ ሞተሯም ቱርቦ ያለው ነው። ሊማሊሞን የሚያውቅ አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች ያወጡት ያ መንገድ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ባንድ ወገን ዓለት፣ በሌላው ወገን ባዶ አየር ነው። ከጥምዞቹ በአንዱ ላይ ስንደርስ ከሞተሩ በኩል አንድ ነገር ጮኸ፤ ጥቁር ጢስ ከኋላ ወጣ፤ መኪናይቱም ኀይሏን ጥላ ቆመች፤ ጥቂትም ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ሾፌሩ በእግርም በእጅም ፍሬኑን ይዞ ሲያቆማት፣ ይከተለን የነበረው ሰው የሞላ ቅጥቅጥ አውቶቡስ እኛን ለመንካት ሁለት ክንድ ያህል ቀርቶት ነበር። ከመስኮቱ አንዲት እናት ልጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ሲያዩን አየን። የሞተ የለም፤ የቆሰለም የለም። ሆኖም ያቺ ትንሽ ርቀት እስከ ዛሬ ከሐሳባችን አልወጣችም።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር አታንስም። በደባርቅ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከ10 እጅ 7ቱን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሞተርም እንደ ሰው በደጋ ትንፋሽ ያጥረዋል። አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ለዚህ መድኀኒት ሆነ፤ ይኸውም ከሞተሩ የሚወጣው ጢስ በከንቱ ከሚጠፋ አንድ ትንሽ መዘውር እንዲያዞር፣ መዘውሩም አየሩን እያመቀ ወደ ሞተሩ እንዲልክ ማድረግ ነው። አሜሪካኖች በ1918 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መሣሪያ ፓይክስ ፒክ ከሚባለው 4,300 ሜትር ከሚደርሰው ተራራቸው ጫፍ ድረስ አውጥተው በአውሮፕላን ሞተር ላይ ፈትነውታል። የኛ ራስ ዳሸን ከዚያም ይበልጣል።

ነገር ግን የታመቀ አየር ይግላል፤ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉም የተለመደ ነው። የጋለ አየር ደግሞ የሳሳ ስለሆነ የመታመቁን ጥቅም ከፊሉን ያጠፋዋል። ስለዚህ ኢንተርኩለር የሚባል፣ መልኩ ራዲያተር የሚመስል ማቀዝቀዣ በመካከል ይገባል። አየሩን ከቱርቦው ወደ ማቀዝቀዣው፣ ከማቀዝቀዣውም ወደ ሞተሩ የሚያደርሱት ቱቦዎች ናቸው። ቱቦ ለተመልካች ተራ ነገር ይመስላል። ሆኖም በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው በአንድ ባር ቢበልጥና አፉ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ከማኒኮቶው ሊያስወጣው የሚገፋው ኀይል 28 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። በፋብሪካ የተሠራ ቱቦ ጫፉ ላይ ከንፈር የመሰለ ጉብታ የሚደረግለትም ስለዚሁ ነው፤ ፋሼታው ከከንፈሩ ወዲያ ከጠበቀ ማኒኮቶው አይንሸራተትም። የኛ ቱቦ ከንፈር አልነበረውም።

ለምን አልነበረውም? ከአደጋው 14 ወር በፊት የፋብሪካው ቱቦ ተሰነጠቀ። የዚያች መኪና ቱቦ ለዚያች መኪና ብቻ የተጠማዘዘ ስለሆነ የሌላው አይሆናትም፤ ምትኩም ጎንደር ውስጥ አልተገኘም። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ብየዳ ቤት ያላቸው አንድ ባለሙያ፣ ከአሮጌ መኪና የጢስ ማውጫ ብረት ሦስት ቁራጭ ወስደው፣ እያስጠጉና እየለኩ፣ ማዕዘኑን በዐይናቸው እያረሙ በየዱትና በአንድ ቀን ተኩል አስገቡት። «ለጊዜው ነው፤ ዋናው እስኪመጣ» አሉ። ሾፌሩ ሰማ፤ እኛም ሰማን። ከዚያም የክፍያውን ሰነድ ስናዘጋጅ «ጥገናው በሚገባ ተፈጽሟል» ብለን ጽፈን ፈረምን። ዋናውን ዕቃ የሚጠይቀው ደብዳቤ ግን አልተጻፈም፤ መኪናይቱ ትሄድ ነበርና።

ከአደጋው በኋላ በመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ብርቱ ክርክር ሆነ። አንዱ ወገን «ባለሙያው ተናግረዋል፤ የተናገረ ሰው ነጻ ነው» አለ። ይህ አስተያየት አላረካንም። ወጌሻ እንኳ የተሰበረ እጅ በቀርከሃ ሲያስር መቼ እንደሚፈታ ይናገራል፤ «ለጊዜው» ብሎ ብቻ አይሰድም። ሌላው ወገን ደግሞ «አሟልተው መሥራት ካልቻሉ እንቢ ማለት ነበረባቸው» አለ። ይህን የሚሉት ቢሮ ውስጥ የሚውሉ ናቸው ብንል ሐሰት አይሆንብንም፤ እኛም ከእነርሱ አንዱ ነን። እንቢ ብለው ቢሆን ኖሮ ያች መኪና ያን ክረምት ሙሉ በቆመች ነበር፤ በቆላው የሚጠብቋት ሰዎችም በከንቱ በጠበቁ ነበር። እንቢ ያለ ሰው እጁ ንጹሕ ይመስለዋል፤ ዕዳውን ግን ለማያውቀው ሰው አሻገረው እንጂ አላጠፋውም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ሲታገድ፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወርም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አሮጌው መኪና ከቀድሞው ይልቅ የሚጠገን እንጂ የሚለወጥ አልሆነም። እንግዲህ «ለጊዜው» የሚሠራ ሥራ ወደፊት ይበዛል እንጂ አያንስም።

ስለዚህ ጥያቄው ይሠራ ወይስ አይሠራ ሳይሆን፣ ሲሠራ ምን ይነገር ነው። ሠሪው ዕቃው የት ላይ እንደሚደክም ያውቃል፤ ተቀባዩ አያውቅም። «ለጊዜው» የሚለው ቃል ድካሙ መኖሩን ብቻ እንጂ ቦታውን አይናገርም። «ከንፈር የለውም፤ ፋሼታውን በየሳምንቱ አጥብቁ» ቢባል ኖሮ ያ ዐረፍተ ነገር ብቻውን ሊማሊሞ ላይ ባልጣለን ነበር። ይህን ፍርድ ይዘን ወደ ብየዳ ቤቱ ሄድን።

«ጋሼ፣ ያ የሠሩልን ቱቦ ወለቀ» አልናቸው።

«ስንት ጊዜ ቆየ?»

«ዐሥራ አራት ወር።»

ዝም አሉ። ቀጥለውም «እኔ ለሦስት ሳምንት ነበር የሠራሁት። ማነው ዐሥራ አራት ወር ያላችሁ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ስለ ከንፈሩ ስንጠይቃቸው ማውጫ መሣሪያ እንዳልነበራቸው፣ ማንም እንዳልጠየቃቸውም ነገሩን። ማንም እንዳልጠየቃቸው እውነት ነው። በዚህ በኛ አገር ሠሪን መጠየቅ መቼ ተለመደና? ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው በወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው አገሩን ሲያገለግሉ፣ አገሩ ማረሻውን እየተቀበለ ቡዳ ይላቸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዛሬ ስድቡ ቀርቷል ብንል እንኳ ልማዱ ሁሉ አልቀረም። በአገር ውስጥ ላሜራ ተቀጥቅጦ አካል የሚሠራለትን አውቶቡስ «ቅጥቅጥ» ብለን በፌዝ እንጠራዋለን፤ ቤተሰባችንን አሳፍረን ግን በእርሱ እንልካለን፤ ማን እንደ በየደው አንጠይቅም። የማይጠየቅ ባለሙያም የሚያውቀውን በልቡ ይዞ መቅረትን ይማራል። ይህን ስንል ባለሙያውን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ የቀረውን ነገር እርሳቸው ራሳቸው አሳዩን።

አሮጌውን ቱቦ ከማሰሪያው ላይ አድርገው በመጋዝ ለሁለት ከፈሉት። በውስጡ፣ በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ፣ የብየዳ ፍንጣሪ እንደ ሰሊጥ ተጣብቆ ነበር፤ አንዳንዱም ረግፎ ቦታው ብቻ ቀርቷል። ይህ ቱቦ ከኢንተርኩለሩ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ነው። ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ በሚወስደው ላይ ቢሆን ፍንጣሪው በማቀዝቀዣው ውስጥ ተይዞ ሊቀር ይችል ነበር፤ በዚህኛው ግን በቀጥታ ወደ ሞተሩ ነው የሚሄደው። ባለሙያው ቁራጩን ወደ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ሰው አያየውም ብዬ አይደለም፤ እኔም አላየሁትም» አሉ።

እኛም «በሚገባ ተፈጽሟል» ብለን የፈረምነው ሳናይ ነበር። ልዩነቱ እርሳቸው ቱቦውን መክፈታቸው ነው።

አዲሱን ሲሠሩ መብራት ያዝንላቸው። ጫፉ ላይ ቀጭን ሽቦ በቀለበት ጠምጥመው በየዱና በሞረድ አለዘቡት፤ ከንፈር ሆነ። መሣሪያ አያስፈልገውም ኖሯል፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የፈለገው። ውስጡን በረጅም ሞረድና በሽቦ ብሩሽ ፋቁ፤ በናፍጣ አጥበው በአየር ነፉት፤ ከዚያም ነጭ ጨርቅ በገመድ አስረው ከአፍ እስከ አፍ ሦስት ጊዜ ሳቡ። ሦስተኛው ጨርቅ ነጭ ሆኖ ወጣ። በመጨረሻ የሠሩበትን ቀንና «6 ወር» የሚል ጽሑፍ በሹል ብረት በቱቦው ላይ ቧጨሩ።

በክፍያው ሰነድ ላይ «በ6 ወር ውስጥ በዋናው ዕቃ ይተካ» ብለን ጨመርን። ቅጹ ለእንዲህ ያለ ነገር ቦታ የለውም ተብሎ ተመለሰልን። ለብቻው ደብዳቤ አድርገን፣ ቁጥር አስሰጥተን፣ የዋናውንም ዕቃ ጥያቄ አያይዘን በዚያው ቀን ላክነው። ዕቃው በ5ኛው ወር መጣ። ሾፌሩ የወለቀውን ቱቦ አልጣለውም፤ ቀኑ እንደ ተጻፈበት ከወንበሩ በታች አስቀምጦታል።