በዘመን መለወጫ ለእጅ ሠራተኛ ያለብን ዕዳ

ጳጉሜን 5 ቀን፥ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜም 6 ቀን ሆና ታልፋለች፤ በማግሥቱ መስከረም 1 ቀን ይጠባል፤ ዓመቱም አዲስ ይባላል። ይህ የዘመን ቍጥር በሰው ፈቃድ የሚፈጥን ወይም የሚዘገይ አይደለም፤ ለደጉም ለክፉውም እኩል ይደርሳል። ነገር ግን ቍጥሩ ተለወጠ ማለት ሰው ተለወጠ ማለት አይደለም። ስለዚህ በርእሰ ዐውደ ዓመት አስተዋይ ሰው ሁሉ ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም፥ ባልንጀራው የደከመበትን ዋጋና የሚገባውን ክብር ከልክሎ የሚያድር ሰው፥ አዲስ ዓመት ገባልኝ ሊል ይችላልን? የሚል ነው።

ለዚህ መልስ ለማግኘት የባላገሩን ኑሮ እንመልከት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የገበሬው ማረሻ በእርሻው ብዛት ጫፉ አልቆ ደንዝዞአል፤ ከፊቱ ላለው አጨዳም ማጭዱ ጥርስ ሊወጣለት ይገባል። እንግዲህ ብረቱን ተሸክሞ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ይሄዳል። ቀጥቃጩም ልጁ ወናፉን እየነፋለት፥ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ በመዶሻ ሲመታ ይውላል። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ አግብቶ፥ እመቤቲቱ ክረምቱን ሁሉ በእንዝርት የፈተለችውን ፈትል ለበዓሉ ለማድረስ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ ያመሻል። ሸክላ ሠሪዋ በዝናቡ ምክንያት አልደርቅ ብሎ ያስቸገራትን ጋንና ምጣድ፥ ፀሐይ ብቅ ባለች ቍጥር ታወጣለች፤ ደመና በመጣ ቍጥር ታስገባለች። ቆዳ ፋቂውም ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋራ የሚያስረውን ምራን እየፋቀ ያለሰልሳል።

በዓሉ በደረሰ ጊዜ የእነዚህ ሰዎች እጅ ያልነካው ምን ነገር አለ? ጠላው የተጠነሰሰው በሸክላ ሠሪዋ ጋን ነው፤ እንጀራው የተጋገረው በምጣድዋ ነው፤ በጉ የታረደው ቀጥቃጩ በሳለው ካራ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን ተብሎ የተለበሰው ነጭ ልብስ የሸማኔው ድካም ነው። ልጃገረዶቹ የሚይዙት አደይ አበባ ብቻ ከሰው እጅ ሥራ ውጭ በእግዚአብሔር ቸርነት የበቀለ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ተሰናድቶ ሰዎች በመሶቡ ዙሪያ ሲቀመጡ፥ መሶቡ እንዲሞላ ያደረገው ሰው በብዙ ስፍራ ከመካከላቸው አልተገኘም። ለዘመናት ቡዳ ነው፥ በዓይኑ ሰው ይበላል እየተባለ ሲታማ ኖሮአል፤ እናት ልጅዋን ከፊቱ ትሸፍናለች፤ ጋብቻም ሲሆን ዘሩ ይቈጠርበታል።

እንግዲህ ለእጅ ሠራተኛ ያለብን ዕዳ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው የዋጋ ዕዳ፥ ሁለተኛው የክብር ዕዳ ነው። የዋጋ ዕዳ የታወቀ ነው። ሸማኔውን ነገ ና፥ ከበዓል በኋላ ና እያሉ ማመላለስ፥ ቀጥቃጩንም እህሉ ሲገባ እከፍልሃለሁ ብሎ እህሉ በጎተራ ሲሞላ መርሳት ግፍ ነው። የሙሴ ሕግ የድኻው የምንደኛ ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስተምራል።

የክብር ዕዳ ግን ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። የዋጋውን ዕዳ ሰው ያውቀዋል፤ የክብሩን ዕዳ ግን ዕዳ መሆኑን እንኳ አያስበውም። አንዳንድ ሰው፥ ዋጋውን ከከፈልሁት ሌላ ምን አለብኝ? ይላል። ለዚህ መልሱ፥ ሰው የሚሸጠው የእጁን ሥራ ነው እንጂ ስሙን አይደለም የሚል ነው። ለማረሻው የሰጠኸው እህል የማረሻው ዋጋ ነው፤ ቀጥቃጩን ለመስደብ የገዛኸው ፈቃድ አይደለም። ሌላውም፥ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ልማድ ነው ይላል። ነገር ግን ልማድ በዕድሜው ብዛት እውነት አይሆንም፤ አረምም በማሳ ውስጥ ስለ ቆየ ስንዴ አይባልም።

ይህስ ንቀት ከወዴት መጣ? ነገሩን ብንመረምረው፥ ከሥሩ ተሰውሮ የምናገኘው ኀፍረትን ነው። ገበሬው በሬና መሬት ስላለው ራሱን የቻለ ጌታ መስሎ መታየት ይወዳል፤ ነገር ግን ማረሻው በደነዘዘ ጊዜ መሬት በሌለው ሰው ደጅ ይቆማል። የሚያስፈልገንን ሰው ማክበር ችግረኞች መሆናችንን ማመን ነው። ይህን ማመን ስለሚያስጨንቀን፥ ሰውየውን ዝቅ በማድረግ ችግራችንን የሸፈንን ይመስለናል። ስለዚህ ንቀት የባለጠግነት ምልክት ሳይሆን፥ ምስጋና ያቃተው ልብ መሸሸጊያ ነው።

መጻሕፍት ግን የሚያስተምሩን ሌላ ነው። ባስልኤል በወርቅ፥ በናስና በእንጨት ለድንኳኑ የሚሆነውን ይሠራ ዘንድ የጥበብ መንፈስ እንደ ተሰጠው በኦሪት ተጽፎአል። ዮሴፍ ጠራቢ ነበረ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም በቆሮንቶስ ሳለ ድንኳን እየሰፋ ይኖር ነበረ። መጻሕፍቱ ራሳቸው የተጻፉበት ብራና የቆዳ ፋቂ እጅ ያለፈበት ነው፤ ጸናጽሉና ጽናው ከእሳት ፊት የወጡ ናቸው። እጁ የሠራውን ተሳልሞ እጁን መጸየፍ እንዴት ይቻላል?

በአገራችን ታሪክም ይህ ነገር ሳይታሰብ አልቀረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከልክለዋል። ሆኖም ዐዋጅ ምላስን ይገታል እንጂ ልብን አይለውጥም፤ ስድቡም ከዚያ በኋላ ቆይቶአል። በጎንደርና በአካባቢው ከቤተ እስራኤል ወገን ብዙዎቹ በብረትና በሸክላ ሥራ ይኖሩ ነበር፤ ይህም ስም ይሰጣቸው ነበር። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ብዙ ሺሕ ሰዎች ወደ እስራኤል ሄዱ። የሄዱት ኢየሩሳሌምን በመናፈቅ ጭምር እንጂ በስድቡ ምክንያት ብቻ አይደለም። ቢሆንም ለእነርሱ የነበረብን የክብር ዕዳ ሳይከፈል ባለዕዳውና ባለገንዘቡ ተለያዩ። ከዚህ የምንማረው፥ ዕዳ የሚከፈልበት ጊዜ ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ እንደማይጠብቀን ነው።

ዛሬ በብዙ ቤት የእንስራውን ስፍራ ጀሪካን ይዞታል፤ ልብሱም ከፋብሪካ ይመጣል። ይህ ዕዳውን አይሰርዘውም፤ እንዲያውም የቀረው ሠራተኛ ገበያው ጠብቦበት ሳለ ንቀቱ ሲጨመርበት ሸክሙ ይበዛል።

አንባቢ ሆይ፥ በጳጉሜን ቤትህን ስትጠርግ፥ ዕቃህንም ስታሳድስ፥ ሦስት ነገር አትርሳ። የሠራተኛውን ዋጋ የዋዜማው ፀሐይ ሳይጠልቅ ክፈል። በሥራው ስም ሳይሆን በክርስትና ወይም አባቱ ባወጣለት ስም ጥራው። በበዓሉም ቀን፥ ለብቻው ቈርሰህ ከደጅ የምትሰጠው ሳይሆን፥ ከአንተ ጋራ ከአንድ መሶብ የሚቈርስ እንግዳ አድርገው። ልጆችህ ይህን ባዩ ጊዜ፥ ከዐዋጅና ከስብከት ይልቅ ይማሩበታል።

ማረሻ የሚታደሰው ወደ እሳት ገብቶ ነው፤ የሰውም ልብ የለመደውን ትዕቢት ሳያቀልጥ አይታደስም። ዓመቱን እግዚአብሔር አዲስ አድርጎ ሰጥቶናል፤ እርስ በርሳችን ያለብንን ዕዳ ከፍለን እንድንቀበለው እርሱ ይርዳን።