እስቲ እሱ ይናገር

ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት በአህያ የሚጎተት የልጆች ቤተ መጻሕፍት በሐዋሳ ሰፈሮች ይዞር በነበረበት ጊዜ፣ በአንድ ግቢ ሁለት ወንዶች ሕፃናት በአንድ ወር ተወለዱ። የአንደኛው አባት ነጋዴ ነው። ልጁን እጅግ ከመውደዱ የተነሣ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛለት፤ ከጠዋት እስከ ማታ የተረት ድምፅ ከቤቱ አይጠፋም። ሁለተኛው ሕፃን ፊደል ካልቆጠሩት አያቱና ሦስተኛ ክፍል ከምትማረው እህቱ ጋር ይኖራል።

ጋሪው በመጣ ቁጥር አያቱ፣ እማማ፣ ሕፃኑን አዝለው ይወጣሉ። ልጅቱ መጽሐፍ ትመርጥና ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ፊደሉን እየለቀመች ጮክ ብላ ታነባለች። ገና አፉን ላልፈታ ልጅ ማንበብ ምን ይሉታል እያሉ ጎረቤቶች ይገረማሉ። እማማ ግን ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው «ይኼ ማነው?» ይሉና ይጠብቃሉ። ልጅቱ ቸኩላ ገጹን ልትገልጥ ስትል እጇን ይይዟታል። «ቆይ፣ እስቲ እሱ ይናገር።» ሕፃኑ አንድ ቀን «ዲብ!» ሲል፣ «አዎ፣ ጅብ ነው፤ የራበው ጅብ ወደ ዋሻው እየገባ ነው» ብለው አስረዘሙለት።

በየቤታችን ለሕፃን የምንናገረውን ልብ ብላችሁ ስሙ፦ ብላ፣ ና፣ ተኛ፣ አትንካ። ዋሻ፣ ሸንጎ፣ ተንኮለኛ፣ ተጸጸተ የሚሉትን ቃላት ከተረትና ከመጽሐፍ ካላገኛቸው ከየት ያገኛቸዋል?

ልጆቹ ሦስት ዓመት ሲሞላቸው የእማማ የልጅ ልጅ «ጅቡ ለምን አለቀሰ?» ብሎ ይጠይቃል። የነጋዴው ልጅ የሚፈልገውን በጣቱ ይጠቁማል፤ ካልተረዱት ያለቅሳል። አባትየው ተጨነቀ።

«እማማ፣ ምን ገዝተውለት ነው? የእኔም ልጅ እኮ ቀኑን ሙሉ ተረት ይሰማል።»

«መስማቱንስ ይሰማል። ሲናገር ማን ይመልስለታል?»

እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዋ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት የእማማን ጥያቄ የሚያጠናክር ነው። የዘጠኝ ወር አሜሪካውያን ሕፃናት፣ አጠገባቸው ተቀምጦ ከሚያጫውታቸውና ከሚያነብላቸው ሰው የማንዳሪን ቋንቋን ድምፆች መለየት ተማሩ። ያንኑ በቴሌቪዥን የተመለከቱት ግን አልተማሩም። እማማ ይህን ጥናት አልሰሙም፤ የሕፃን ዓይን የሚናገረውን ሰው ፊት እንደሚፈልግ ግን ያውቃሉ።

በማግሥቱ ጋሪው ሲመጣ ነጋዴው ሱቁን ለረዳቱ ትቶ ልጁን ታቅፎ ተቀመጠ። ገጹን እንደ ሒሳብ ደብተር ባንድ ትንፋሽ ተወጣው።

«አትቸኩል፣ ልጄ። ጠይቀው።»

«ይኼ ማነው?» አለ አባት።

ልጁ ሥዕሉንም አባቱንም ደጋግሞ አየና «ውሻ» አለ።

አባትየው ተሳስተሃል ሊለው ሲል እማማ ቀደሙት። «እውነትህን ነው፣ ውሻ ይመስላል! ግን ጅብ ነው። እስቲ አባትህ እንዴት እንደሚጮኽ ያሰማህ።»

ነጋዴውም ደንበኞቹ ከመንገድ ማዶ እያዩት እንደ ጅብ ጮኸ።