በጎ አሳብ ብቻውን ይበቃልን?

በሰሜን አሜሪካ ደኖች ከሚኖሩት አገር በቀል የእሳት እራቶች ሁሉ በግዙፍነት የሚበልጠው ሴክሮፒያ ይባላል። ክንፎቹ ሲዘረጉ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰፋሉ። አባጨጓሬው የዛፍ ቅጠል ተመግቦ ያድጋል፤ የበረዶውንም ወራት ራሱ በፈተለው የሐር ጎጆ ተሸሽጎ ያሳልፋል። ክንፍ ካወጣ በኋላ የሚመገብበት አፍ የለውም፤ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ዘሩን ተክቶ ያልፋል።

ከአውሮፓ የገባ ሌላ የእሳት እራት ግን ደኑን ያራቁት ነበርና፣ እርሱን እንድታጠፋ እ.ኤ.አ. በ1906 አንዲት ዝንብ ከአውሮፓ መጥታ ተለቀቀች። የዝንቧ እጭ አባጨጓሬን ከውስጥ በልቶ ይገድላል። ይሁንና ዝንቧ በዳዩን ካልበደለው አልለየችም፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በማሳቹሴትስ የተደረገ ጥናት ይፋ እንዳደረገው፣ የሴክሮፒያንም አባጨጓሬዎች በብዛት ፈጀች።

የለቀቋት ሰዎች ደኑን ለማዳን እንጂ ለክፋት አልተነሡም። ታዲያ በደለኞች ናቸውን? በአሳባቸው አንፈርድባቸውም፤ ነገር ግን በጎ አሳብ አስተዋይነትን አይተካም። እኛም በቤተሰብ ሆነ በማኅበር አንዱን ጥፋት ለማረም ስንነሣ፣ የምንሰነዝረው ቃል ሌላ ማንን እንደሚያገኝ አስቀድመን እንጠይቅ። የተለቀቀው ሁሉ ተመልሶ አይሰበሰብምና።