ስለ ዜና ነጋሪው ታማኝነትና ስለ ደመወዙ

ጎንደር የነገሥታት መዲና በነበረችበት ዘመን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነገር ሕዝቡ በአደባባይ ቆሞ ይሰማ ነበር። የአዋጅ ነጋሪውም ተግባር የታዘዘውን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ማድረስ ነበረ። ዛሬ የሬድዮና የቴሌቪዥን ድምፅ ከከተማው አልፎ በዳባትና በደባርቅ ደጋ ይሰማል። የዛሬው ነጋሪ ሸክም ግን ከቀድሞው ይከብዳል፤ የሚነገረውንና የሚታለፈውን የሚመርጠው እርሱ ራሱ ነውና። እንግዲህ ነጋሪን እውነተኛ የሚያደርገው ሕግ ነውን ወይስ ኅሊና?

ልጓም ያጣ ቃል ምን እንደሚያደርስ ሩዋንዳ ምስክር ናት። በ1986 ዓ.ም. ሬድዮ ሚል ኮሊን የተባለው ጣቢያ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ አነሣሣ፤ በ1996 ዓ.ም. በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በመሥራቾቹ ላይ ፈረደ። በአገራችንም የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ዓ.ም.፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ወጥተዋል፤ ሁለተኛው በ2017 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ስለዚህ ሕግ ያስፈልጋል።

ዳሩ ግን ሕግ ሐሰት የተናገረውን ይይዛል እንጂ፣ እኩሌታውን ተናግሮ እኩሌታውን የዋጠውን በቀላሉ አይዘውም። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በጎንደር በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። እንደዚህ ባለው ቀን የራሱን ወገን ሙት ብቻ ቆጥሮ የጎረቤቱን የሚተው ነጋሪ፣ አንድ የሐሰት ቃል ሳይናገር ዋሽቷል። ሚዛናዊነት ማለት የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም እንባ በአንድ መስፈሪያ መስፈር ነው። ይህም የኅሊና ሥራ ነው።

ሆኖም ኅሊና የሚያድረው በሥጋ ለባሽ ሰው ላይ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለልጆቹ ቀለብ የማይበቃው ዘጋቢ፣ የስብሰባው አዘጋጅ አበል ሲሰጠው ጋባዡን ለመንቀፍ ብዕሩ ይከብደዋል። ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው የሚሮጥም ወሬውን ለማጣራት ጊዜ አያገኝም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራውን ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ መወሰኑ ለሥጋ ዕረፍት ብቻ አይደለም፤ የደከመ ዓይን እውነትን ከሐሰት አይለይምና። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በምዕራፍ 5 የተነፈገ የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ አስተምሯል። እንግዲህ ከሠራተኛው እውነትን እየጠየቀ ዋጋውን የሚያስቀር ባለ ጣቢያ፣ ከዘጋቢው ይልቅ ተጠያቂ ነው።

ይህ ማለት ግን ድህነት ሐሰትን ያጸድቃል ማለት አይደለም፤ የተቸገረ ዳኛ ጉቦ ቢበላ ፍርዱ አይቀናምና። ነገር ግን ፈተናውን ያበዛበት ሰው ከበደሉ ይካፈላል። ከዚህ በደል ሰሚውም ነጻ አይደለም። ኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 23 የሐሰትን ወሬ መቀበልን ከልክሏል። ወገኑን የሚያስደስተውን ወሬ ብቻ የሚሻ ሰሚ፣ እውነተኛውን ነጋሪ ያስርባል፤ ሐሰተኛውን ያበለጽጋል።

ስለዚህ ካህናት ሆይ፣ ምእመናን ሆይ፣ የሰማነውን ከማሰማታችን አስቀድሞ ሌላውንም ወገን እንጠይቅ። ሕግ አውጪው ልጓሙን፣ አሠሪው ደመወዙን፣ ነጋሪው ኅሊናውን፣ ሰሚውም ጆሮውን ይጠብቅ። እግዚአብሔር እውነትን የሚናገር አንደበት፣ እውነትንም የሚታገሥ ጆሮ ያድለን። አሜን።