መናገር ለማይችል በሽተኛ ምግብ ስለ መስጠት

በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ፣ ቴሪ ሻይቮ የተባለች ሴት በ1982 ዓ.ም. ወድቃ አእምሮዋን ከሳተች በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል በቱቦ ስትመገብ ኖረች። ባሏ «ፈቃዷ ይህ አልነበረም» ሲል፣ ወላጆቿ ሲቃወሙ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መጋቢት 9 ቀን 1997 ዓ.ም. ቱቦው ተነቀለ፤ መጋቢት 22 ቀን ሞተች።

በ1979 ዓ.ም. በዐማን የተሰበሰቡት የፊቅህ ሊቃውንት አንጎሉ ፈጽሞ ከሞተ ሰው ላይ የመተንፈሻው መሣሪያ እንዲነሣ ፈቅደዋል። እርሷ ግን በራሷ ትተነፍስ ነበር። ድመት አስራ በረኃብ የገደለች ሴት ለእሳት መዳረጓን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል፤ ድመት እንኳ!

እንግዲህ የበቾ ቦሬ ሰው ጅማ ሆስፒታል እናቱን አስተኝቶ የቡናው ገንዘብ ስላለቀ ብቻ ቱቦውን ሊያስነቅል አይገባውም፤ ጎረቤት ይርዳው። ሰውነቷ ምግቡን መቀበል ተስኖት ሥቃይ ብቻ እንደ ጨመረባት የታመኑ ሐኪሞች ቢመሰክሩ ግን፣ ማቆሙን ማስራብ ነው ለማለት አልደፍርም። ያን ጊዜም ከንፈሯን በውኃ ያርስላት።